ሥራ ወደ ሆሳዕና ሲመጣ

በሀዲያና በከምባታ ሰው ሥራ ፍለጋ ይሄዳል እንጂ ሥራ ሰው ፍለጋ ሲመጣ ታይቶ አይታወቅም ነበር። የወንጂ ስኳር ፋብሪካ በ1946 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ በኋላ ከአያቶቻችን መካከል ብዙዎቹ ሸንኮራ ሊቆርጡ ወደዚያ ወረዱ፤ መተሐራ ሲከፈትም ወደ መተሐራ ተሻገሩ። ልጆቻቸው ተከተሏቸው። ከ1990ዎቹ ወዲህ ደግሞ የእኔ እኩዮች ፊታቸውን ወደ ደቡብ አፍሪካ አዞሩ። የሆሳዕና፣ የሾኔ፣ የዱራሜ፣ የሺንሺቾ እናት ልጇን የምታሳድገው አንድ ቀን እንደምትሸኘው እያወቀች ነው።

እኔ የሄድኩት ቅርብ ነው፤ አዲስ አበባ ተምሬ እዚያው ተቀጠርኩ። ዛሬ ግን ተመልሼ የምኖረው ሆሳዕና ነው። መሥሪያ ቤቴ አዲስ አበባ፣ ጠረጴዛዬ ሆሳዕና፣ ጎፈር ሜዳ ሰፈር። ይህን ትዝታ የምጽፈው ከልጅነቴ ጀምሮ ስልኩ፣ መንገዱና የቢሮው መስኮት ሲለወጡ በዓይኔ ስላየሁ ነው። ከዚህ ሁሉ ያተረፍኩት እምነትም አንድ ነው፦ ለእኛ ከተሞች መልካም አገልግሎት የቅንጦት ጉዳይ አይደለም። ልጅ አገሩ ላይ ይቀራል ወይስ ይሄዳል የሚለውን የሚወስነው እሱ ነው።

ልጅ ሳለሁ ከአዲስ አበባ የሚመጣ ድምፅ የሚሰማው በቴሌ ቢሮ ነበር። ሰው ሊያነጋግረን ሲፈልግ የጥሪ ወረቀት ይደርሰንና እናቴ ነጠላዋን አስተካክላ፣ እኔን አስከትላ ትሄዳለች። አዳራሹ ውስጥ አግዳሚ ወንበሮች፣ ዳር ላይ በር ያላቸው ጠባብ የስልክ ክፍሎች አሉ። ኦፕሬተሯ መስመሩ ሲገናኝላት «አዲስ አበባ፣ ሁለት ቁጥር!» ብላ ትጣራለች፤ የተጠራው ሰው ሮጦ ይገባል። መስመሩ ስለሚደክም ሁሉም በጩኸት ነበር የሚያወራው። የማን ልጅ እንደታመመ፣ የማን ወንድም እዳ እንዳለበት፣ ማን ለመስቀል እንደሚመጣ አዳራሹ ሙሉ ይሰማል።

ያቺን ኦፕሬተር እስከ ዛሬ አልረሳኋትም። ከገጠር በእግራቸው የመጡ ሽማግሌዎች ወንበሩ ላይ ሲደክማቸው ትነሳና «አባባ፣ መስመሩ ከቡታጅራ ወዲያ ተበላሽቷል። ከሰዓት በፊት አይሠራም፤ ቡና ጠጥተው ይምጡ፣ ስምዎን ከላይ ጽፌዋለሁ» ትላቸዋለች። ደብተሯን አዙራ ስማቸውን ታሳያቸዋለች። አብዛኞቹ ማንበብ አይችሉም፤ ቢሆንም ጣቷ ያረፈበትን መስመር አይተው፣ አመስግነው ይወጣሉ። ከሰዓት ሲመለሱ በትክክል በተራቸው ይጠራሉ። በዚያ ቢሮ የነበረው መሣሪያ ዛሬ ሙዚየም የሚገባ ነው። አገልግሎቱ ግን ዛሬ ብዙ ቦታ ፈልጌ የማላገኘው ዓይነት ነበር።

መንገዱም ሌላ ነበር። ከሆሳዕና አዲስ አበባ 230 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ያኔ ጉዞ የሚጀመረው ከዋዜማው ነበር፤ ስንቅ ይቋጠራል፣ መናኸሪያ አጠገብ ዘመድ ያለው እዚያው ያድራል። ሌሊት በሩ ላይ ተሰልፈን፣ በሩ ሲከፈት ሻንጣ በራስ ላይ አድርጎ መሮጥ ነው። ወንበር የሚገኘው በጉልበት ነው፤ አሮጊትና ነፍሰ ጡር ከኋላ ይቀራሉ። ከዚያ ወራቤ፣ ቅበት፣ ቡታጅራ፣ ቡኢ፣ ጢያ፣ መልካ ቁንጡሬ፣ ዓለምገና እያልን አዲስ አበባ ስንገባ ቀኑ አልቋል። ዛሬ በዚያው መስመር በጠዋት የተነሳ ሚኒባስ ለምሳ ያደርሳል፤ ትኬት በስልክ የሚቆረጥበት ጊዜም መጥቷል።

ስልክ ያመጣውን ለውጥ በደንብ ያየሁት ግን ከትኬቱ ይልቅ በአንድ የመስቀል ሰሞን ጉዞ ላይ ነው። በመስቀል በዓሎቻችን፣ በሀዲያው ያሆዴና በከምባታው መሳላ ሰሞን፣ አዲስ አበባ ያለው የሀዲያና የከምባታ ልጅ ሁሉ ወደ አገር ቤት ይነቃነቃል፤ መኪና ይጠፋል፣ ዋጋ ይሰቀላል። ቡታጅራን እንዳለፍን ረዳቱ ከታሪፉ በላይ መሰብሰብ ጀመረ። አጠገቤ የተቀመጡ አንድ አዛውንት ከመቀነታቸው ብር እየፈቱ «ልጄ፣ ይሄን ያህል ነው እንዴ?» ሲሉ ረዳቱ «አባባ፣ በዓል ነው» አላቸው። ከኋላ ወንበር አንዲት ወጣት ስልኳን ወደፊት አሳለፈች። መናኸሪያ ግድግዳ ላይ የተለጠፈውን ታሪፍ ከመሳፈሯ በፊት ፎቶ አንስታው ኖሯል። «ወንድሜ፣ ቀኑም ማህተሙም ይታያል፤ አንብበው» አለችው። አልጮኸችም፣ አልተሳደበችም። ስልኩ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። ረዳቱ ዝም ብሎ የአዛውንቱን ትርፍ መለሰ፤ ከዚያም የሁላችንንም። መኪናው ውስጥ የተቀመጥነው ሰዎች ሁሉ ስልክ ነበረን። ልጅቷን የለያት ሕጉን ይዞ የመጠየቅ ልማዷ ነበር።

ከዚያ ቀደም ብሎ፣ በ1997 ዓ.ም.፣ ቴክኖሎጂ በሌላ መልክ ከተማችን ገብቶ ነበር። የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ሳለን ክፍላችን ውስጥ ፕላዝማ ተሰቀለ። ትምህርቱ የተቀረጸው ደቡብ አፍሪካ ነበር፤ መምህሩ በማናውቀው የእንግሊዝኛ ቅላጼ ያስተምራል፣ ጥያቄ ይጠይቃል፣ «መልሱን ጻፉ» ይላል። ጽፈን ሳንጨርስ መልሱን ራሱ ይነግረንና ያልፋል። እኛን የሚያውቀን የራሳችን መምህር ማዕዘን ላይ ቆሞ ይመለከታል። መብራት ሲጠፋ ጠመኔውን አንስቶ ከሰሌዳው ፊት ይቆማል፤ ያኔ የከበደንን ጠይቆ፣ ወደ ኋላ ተመልሶ፣ በሀዲይሳም በአማርኛም እያስረዳ ያስጨብጠናል። ስክሪኑ ብዙ ዕውቀት ይዞ መጥቷል፤ ይህን አልክድም። ተማሪው ገባው ወይስ አልገባውም ብሎ የሚጠብቅ ግን አልነበረበትም። ሰውን የማይጠብቅ አገልግሎት ምን ያህል ብቻህን እንደሚተውህ ያኔ ነው የተማርኩት።

ከእነዚያ የክፍል ጓደኞቼ ብዙዎቹ ትምህርቱን ሳይጨርሱ ትምህርቱ ወደተቀረጸበት አገር ሄዱ። መንገዱን ሁላችንም በቃላችን እናውቀዋለን፦ ሞያሌ፣ ኬንያ፣ ታንዛኒያ፣ ማላዊ፣ ሞዛምቢክ። የደረሰው በየሎኬሽኑ፣ በየጥቁሮች መኖሪያ ሰፈሩ፣ ሱቅ ይከፍታል ወይም ጆሃንስበርግ ጄፔ ጎዳና ላይ ይነግዳል። ወደ ቤት ገንዘብ ይልካል፤ በገንዘቡ ሆሳዕናና ዱራሜ ላይ ፎቅ ይሠራል። የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ በ2013 ዓ.ም. በሱፐር ስፖርት መተላለፍ ከጀመረ በኋላ ደግሞ የከተማችን ክለብ ሀዲያ ሆሳዕና ሲጫወት እዚህ ካፌ ውስጥ የምንጮኸውና እዚያ ሱቁ ውስጥ የሚጮኸው በአንድ ደቂቃ ሆነ። ጎሉ ሲገባ ስልኬ ይጮኻል፤ የልጅነት ጓደኛዬ ነው። ባንኮኒው በብረት ፍርግርግ የታጠረ ነው፤ ከፍርግርጉ በስተጀርባ ሆኖ ይስቃል።

ያልደረሱትንም እናውቃለን። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በሞዛምቢክ ቴቴ አንድ የጭነት መኪና ኮንቴይነር ሲከፈት 64 ኢትዮጵያውያን ታፍነው ሞተው ተገኙ። በታኅሣሥ 2015 ዓ.ም. ደግሞ ሉሳካ አጠገብ የ27 ኢትዮጵያውያን አስከሬን መንገድ ዳር ተጥሎ ተገኘ። የቴቴው ዜና በስልክ በመጣበት ቀን ሰፈራችን ውስጥ ድምፅ አልነበረም። ልጁ መንገድ ላይ ያለ ሁሉ ስልኩን ይዞ በር ላይ ቆሟል። «ኦንላይን የታየው መቼ ነው?» የሚለውን ጥያቄ ከእናቶች አፍ የሰማሁት ያን ቀን ነው። ፊደል ያልቆጠሩ እናቶች የልጃቸው ስም ሥር ያለችውን ትንሽ ጽሑፍ አስነብበው ያለቅሳሉ ወይም ያመሰግናሉ።

እኔም ያን ሰሞን ሆሳዕና ነበርኩ። የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ተገኝቶ፣ ትምህርት ቤት ተዘግቶ፣ በዚያው ወር የፌዴራል መሥሪያ ቤቶች አብዛኛውን ሠራተኛቸውን ከቤት እንዲሠራ አደረጉ። የእኔም ድርጅት እንዲሁ አደረገ። ላፕቶፔን ይዤ ወደ እናቴ ቤት መጣሁ። በአንድ ወር ውስጥ አንዱ ትውልድ ሥራ ፍለጋ ኮንቴይነር ውስጥ ሲያልቅ፣ ለእኔ ሥራው ራሱ እናቴ ቤት ድረስ መጣልኝ። ይህ ልዩነት ከዚያ ወዲህ ከሐሳቤ ወጥቶ አያውቅም።

መጀመሪያ ላይ ሰው አላመነኝም። አንዲት ጎረቤታችን ቡና ላይ ቀስ ብላ «ልጄ፣ ከሥራ አስወጥተውህ ነው?» አለችኝ። ቀን ቤት የሚውል ጎልማሳ ለእሷ ሥራ ያጣ ሰው ነው። እናቴ ግን በሁለተኛው ወር «ስብሰባ ላይ ነው፣ ድምፅ ቀንሱ» እያለች በር ላይ እንግዳ የምታስቆም ሆነች። ኔትወርኩ ከቤቱ በስተምሥራቅ ጥግ ይሻላል፤ ጠረጴዛዬ እዚያ ተተከለ። መብራት በሄደ ቁጥር ስልኩን ሆትስፖት፣ ፓወር ባንኩን ከጎን አድርጌ እቀጥላለሁ።

ከዚያ ሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ተቋረጠ። የድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ ግድያ ማግሥት ነበር። ለሦስት ሳምንት ያህል አልተመለሰም። የጨረስኩትን ሥራ ፍላሽ ላይ ጭኜ፣ በፖስታ አሽጌ፣ መናኸሪያ ሄጄ ለማውቀው ሹፌር ሰጠሁት። «ዓለምገና ስትደርስ ደውልላት፤ የሥራ ባልደረባዬ ናት» አልኩት። ሹፌሩ ፖስታውን ከፀሐይ መከላከያው ሥር ሰካና «ከእጄ ወደ እጇ ነው የማደርሰው፤ አታስብ» አለኝ። ከሰዓት በኋላ ራሱ ደውሎ መድረሱን ነገረኝ። በየጊዜው እንዲሁ ተላላክን፤ አንድም ፖስታ አልጠፋም። ብዙ የሙያ ጓደኞቼ፣ በተለይ ለውጭ ደንበኞች የሚሠሩት፣ በእነዚያ ሳምንታት ሥራቸውን አጡ። ደንበኛ የሚያየው የማስረከቢያ ቀን ማለፉን ነው፤ ምክንያቱን ለማስረዳት እንኳ መልእክት መላክ አልተቻለም። ኔትወርክ መዝጋት የሰው እንጀራ መዝጋት እንደሆነ ከዚያ በኋላ ለሚጠይቀኝ ሁሉ ስናገር ኖሬያለሁ።

ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሲጀመር የከተማችን ገበያ ቶሎ ይቀበለዋል ብዬ አልጠበቅሁም። ከቅቤ ተራ አንዲት ደንበኛዬ አሉ፤ ቅቤውን በእንሰት ቅጠል ጠቅልለው ነው የሚሰጡት። አንድ ቀን ብር ስቆጥር «ተወው፣ በስልክ ላክልኝ» አሉኝ። ስልካቸው ቁልፍ ያለው ትንሽ ነው። መልእክቱ ሲገባ ዓይናቸውን አጥብበው ቁጥሯን ብቻ ያያሉ፤ ፊደል ባያነቡም አኃዝ ይለያሉ። ከዚያ ስልኩን ለጎረቤታቸው ልጅ ሰጥተው ደግመው ያስነብባሉ። «ገብቷል፤ ሂድ ልጄ» ይላሉ። ሌላ ቀን ኔትወርክ ጠፋ። ቅቤውን ልመልስ ስል እጄን ይዘው «ውሰደው። ሲመጣ ትልካለህ፤ ስምህን አውቀዋለሁ» አሉኝ። ማታ ላክሁ። እኚህ ሴት ስለ ደንበኛ አያያዝ ሥልጠና ወስደው አያውቁም። ሥርዓቱ ሲወድቅ ሰው መቆም እንዳለበት ግን ያውቃሉ።

በዚያው ሳምንት ያየሁት የአንድ መሥሪያ ቤት መስኮት ትዝ ይለኛል። ሰልፉ ረጅም ነው፤ መስኮቱ ላይ የተቀመጠው ሠራተኛ ቀና ሳይል «ሲስተም የለም» አለ። «መቼ ይመጣል?» ሲባል «አይታወቅም»። ከገጠር ወረዳ የመጡ ሰዎች እዚያው ቆመው ዋሉ፤ ሄደው እንዳይመለሱ ትራንስፖርቱ፣ እንዳይቀመጡ ወንበሩ የለም። ከሰልፉ መካከል መስማት የተሳነው አንድ ወጣት ነበር። ሆሳዕና መስማት የተሳናቸው ልጆች የሚማሩበት ትምህርት ቤት ከ1970ዎቹ ጀምሮ ያለባት ከተማ ናት፤ በምልክት ሲነጋገሩ ማየት ለእኛ አዲስ አይደለም። ሲስተሙ ተመልሶ ሠራተኛው ስም መጥራት ሲጀምር የወጣቱ ስም ተጠርቶ አለፈ። ማንም አላሳወቀውም። ተራው እንዳለፈ ሲገባው ስልኩን አውጥቶ ለጓደኛው በቪዲዮ ደወለ፣ በእጆቹ እየተናገረ ስክሪኑን ወደ መስኮቱ አዞረው። ጓደኛው መስማት የሚችል ነበር፤ ከስልኩ ውስጥ «ወንድሜ፣ ስሙን በወረቀት ጽፈህ ብታሳየው ይበቃዋል» አለ። ሠራተኛው ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና አለ። ወረቀት አንስቶ ተራ ቁጥር በትልቁ ጻፈና መስታወቱ ላይ ለጠፈ። ከዚያ ሰዓት በኋላ የጠቀመው ወጣቱን ብቻ አልነበረም፤ ከኋላ ያሉት ሽማግሌዎችም ተራቸውን ማየት ቻሉ።

ስለ መሥሪያ ቤት አገልግሎት ስንት ጊዜ ተነገረን! መሠረታዊ የአሠራር ሂደት ለውጥ ተባለ፣ የዜጎች ቻርተር ተባለ፣ በየግድግዳው «ይህ አገልግሎት ይህን ያህል ደቂቃ ይወስዳል» የሚል ሰሌዳ ተሰቀለ። በሚያዝያ 2017 ዓ.ም. ደግሞ መሶብ የተባለው የአንድ ማዕከል አገልግሎት አዲስ አበባ ላይ ተከፈተ፤ ብዙ መሥሪያ ቤት በአንድ ጣሪያ ሥር ገባ። የፋይዳ መታወቂያም ስም ለማረጋገጥ ከቀበሌ ቀበሌ መንከራተትን እየቀነሰ ነው። እነዚህን ሁሉ እደግፋለሁ። ሰሌዳውም ሕንፃውም ሥራ የሚሠራው ግን መስታወቱ ላይ ቁጥር የሚለጥፍ ሰው ከኋላው ሲቀመጥ ነው።

ነሐሴ 2015 ዓ.ም. የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ተመሠረተና ሆሳዕና የክልል መቀመጫ ሆነች። ከዚያ በፊት ትልቅ ጉዳይ ያለው ሰው በሀላባና በሻሸመኔ አድርጎ ሀዋሳ ድረስ ይጓዝ ነበር። አሁን ጉዳዩ ወደ እኛ መጣ። ከሱ ጋር ሠራተኛው፣ ስብሰባው፣ እንግዳውም መጣ፤ የቤት ኪራይ ጨመረ፣ አልጋ ቤቱ ሞላ። ከዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ መከፈት ወዲህ ከተማችን እንዲህ ያለ የሰው ብዛት አላየችም። እንግዳ በየሳምንቱ የሚመጣባት ከተማ እንግዳ አያያዟ በየሳምንቱ ይፈተናል።

ከላፕቶፔ ጋር ወደ ከምባታ ከተሞችም እዘዋወራለሁ። ሃምበርቾ ተራራ ላይ 777 ደረጃ ከተሠራ ወዲህ የሚመጣው ሰው በዝቷል፤ አብዛኛው ቦታውን ያወቀው በስልክ ባየው ቪዲዮ ነው። ደረጃውን ወጥቶ፣ እንሰትና ባሕር ዛፍ የለበሰውን አገር ከላይ አይቶ ሲወርድ ግን የሚፈልገው ንጹሕ አልጋ፣ ሙቅ ውኃና በትክክል የተነገረ ዋጋ ነው። አንድ ከተማ ውስጥ በሩ ላይ «ዋይፋይ አለ» ብሎ የለጠፈ ሆቴል ገብቼ ነበር። ለክፍሉ ከፍዬ ከገባሁ በኋላ ስጠይቅ «ካርዱ ካለቀ ቆየ» ተባልኩ። ከሆቴሉ ወጥቼ ሜዳ ላይ ቆሜ ነው ስብሰባዬን የተካፈልኩት።

ዱራሜ ላይ ያገኘሁት ደግሞ ሌላ ነው። ትንሽ አልጋ ቤት ናት፤ እንግዳ መቀበያው ላይ አንዲት ወጣት ተቀምጣለች። ስብሰባ እንዳለኝ ስነግራት ክፍሉን ከማሳየቷ በፊት «መብራት ዛሬ ከሰዓት ሊሄድ ይችላል» አለችኝ። «ጄኔሬተራችን ነዳጁ ለአንድ ሰዓት ተኩል ብቻ ይበቃል። ስብሰባዎ ከዚያ ከረዘመ አስቀድመው ይንገሩኝ፣ አስመጣለሁ፤ ካልተገኘ ግን ዋሽታለች እንዳይሉኝ አሁን ልንገርዎት።» ከኮሪደሩ ጫፍ፣ ኔትወርኩ የሚሻልበት ቦታ ላይ ጠረጴዛ አኖረችልኝ። መብራቱ እንዳለችው ሄደ፤ ጄኔሬተሩ ተነሳ፤ ስብሰባው ተጠናቀቀ። ክፍሏ ከሌላው ሆቴል ታንሳለች፣ ቴሌቪዥኗም አሮጌ ነበር። ዱራሜ ስሄድ ሌላ ቦታ አድሬ አላውቅም፤ ባልደረቦቼንም እዚያው እልካለሁ። የአልጋ ቤቷ ባለቤት የሠራተኛቸውን ዋጋ እንዲያውቁ ለራሳቸው ነግሬያቸዋለሁ።

በሐምሌ 2016 ዓ.ም. «5 ሚሊዮን ኮደሮች» የተባለው የሥልጠና ዕቅድ ይፋ ሲሆን በዩኒቨርሲቲው አካባቢ ያሉ ካፌዎች በስልክና በላፕቶፕ በሚማሩ ወጣቶች ሞሉ። በዚያው ወር የብር ምንዛሪ ለገበያ ተለቀቀ፤ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር አለፈ። ኑሮውን አክብዶብናል። በዶላር ለሚከፈለው ወጣት ግን ከሆሳዕና ሆኖ መሥራት በአንድ ጊዜ ትርጉም አገኘ። ካፌ ውስጥ የማገኛት አንዲት የዶዮገና ልጅ አለች፤ የተቀረጸ ንግግር እየሰማች ወደ ጽሑፍ ትለውጣለች። «ደንበኛዬ ዶዮገና የት እንደሆነ አያውቅም» አለችኝ። «የሚያውቀው በሰዓቱ እንደማስረክብ ነው። መብራት የሚጠፋበትን ሰዓት ቢነግሩኝ ሌሊት ተነስቼ እሠራለሁ፤ የሚጎዳኝ አለማወቁ ነው።» ታላቅ ወንድሟ ደቡብ አፍሪካ ነው። ላፕቶፑን የገዛላት እሱ ነው፤ «አንቺ እንዳትመጪ» ብሎ።

የዚህችን ልጅ ንግግር ለሚመለከተው ሁሉ ላደርስ እፈልጋለሁ። መብራት ኃይል ሆይ፣ መስመር የምታቋርጥበትን ሰዓት ከዋዜማው በስልክ መልእክት ንገረን። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የቴሌ አገልግሎት ሰጪው ሁለት ሆኗል፤ ፉክክሩ ከዋና ከተማ አልፎ ዶዮገና፣ አንጋጫ፣ ሆመቾና ጊምቢቹ ድረስ ይውረድ። የመሥሪያ ቤት ኃላፊዎች፣ «ሲስተም የለም» ከማለት አልፋችሁ ሲስተም በሌለበት ጊዜ በወረቀት የምትሠሩበትን መንገድ አዘጋጁ፤ ተራውንም የሚታይ አድርጉት። የሆቴል ባለቤቶች፣ የሌላችሁን በር ላይ አትለጥፉ። ደቡብ አፍሪካ ያላችሁ ወንድሞቻችን ደግሞ፣ ሆሳዕናና ዱራሜ ላይ በምትሠሩት ፎቅ አንዷን የምድር ቤት ክፍል ሶላርና ኢንተርኔት አስገቡባትና ለሚሠሩ ልጆች በተመጣጣኝ ዋጋ አከራዩ። ገቢ አላት፤ ታናሾቻችሁንም ከሞያሌ መንገድ ታስቀራለች።

የእኛ ልጆች ሸንኮራ በመቁረጥም፣ ሱቅ በማቆምም፣ በኮምፒውተርም ሥራ ላይ ከማንም እንደማያንሱ ሦስት ትውልድ አሳይቷል። አሁን ሥራው ራሱ ወደ ደጃችን መጥቷል። በሰዓቱ መብራት፣ በሰዓቱ ኔትወርክ፣ በሰዓቱ እውነተኛ መልስ ስጧቸው፤ የቀረውን እነሱ ይሠሩታል።